የዓለም አቀፍ ሚዲያና የባህል ተሻጋሪ ተግባቦት ጥናት፦ የጥናት ዘዴ ለመምረጥ የሚረዳ ንጽጽር

ከአንድ አገር በላይ የሚመለከት የሚዲያ ጥናት ለመሥራት የሚነሣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ርእሱን በጥንቃቄ ይመርጥና ዘዴውን ግን ከቅርቡ ያነሣል። የጋዜጦቹ እትሞች በድረ ገጽ ስለሚገኙ የይዘት ትንተና ይይዛል፤ መጠይቅ በኢሜይል መበተን ስለሚቀል የዳሰሳ ጥናት ያደርጋል፤ ወይም የሚያውቃቸው ጋዜጠኞች ስላሉ ቃለ መጠይቅ ይጀምራል። በአንድ ቋንቋና በአንድ አገር ለተወሰነ ሥራ ይህ አካሄድ ብዙ ላይጎዳ ይችላል። ሁለትና ከዚያ በላይ ባህሎችን በሚያነጻጽር ጥናት ግን መረጃው ተሰብስቦ ካለቀ በኋላ የሚገለጥ፣ በስታቲስቲክስም ሆነ በጥሩ አጻጻፍ የማይጠገን ጉድለት ያስከትላል። ጉድለቱም እዚህና እዚያ ተለካ የተባለው ነገር አንድ ዓይነት ነገር ሳይሆን መቅረቱ ነው።

ተመራማሪዎች ይህን የአቻነት ችግር ይሉታል። ከዚህ ችግር ነጻ የሆነ ዘዴ የለም፤ ዘዴዎቹ የሚለያዩት ችግሩ በሚቀመጥበት ቦታ ነው። በይዘት ትንተና ዘገባውን እያነበቡ በየምድቡ በሚያስገቡት (ኮድ በሚሰጡት) ሰዎች ፍርድ ላይ፣ በዳሰሳ ጥናት በጥያቄው አቀራረብና በመልሱ መለኪያ ላይ፣ በቃለ መጠይቅ በጠያቂውና በተጠያቂው ግንኙነት ላይ፣ በኢትኖግራፊ ማለትም ከሰዎቹ ጋር ረጅም ጊዜ አብሮ እየኖሩ በሚደረግ ጥናት በተመራማሪው በራሱ ላይ፣ በግዙፍ ዲጂታል መረጃ ደግሞ መረጃውን አስቀድሞ በሰበሰበው ሥርዓት ላይ ያርፋል። ስለዚህ አማራጮቹ ፊት ለፊቱ የተደረደሩለት ሰው መጀመሪያ ራሱን መጠየቅ ያለበት «የአቻነትን ችግር የት ላይ ብገጥመው ባለኝ ቋንቋ፣ ጊዜና ገንዘብ ልፈታው እችላለሁ?» ብሎ ነው። ከዚህ በታች ዋና ዋናዎቹ ዘዴዎች የሚነጻጸሩት በዚህ ሚዛን ነው። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

ጥናቱ የሚናገረው ስለ ማን ነው?

ዘዴ ከመመረጡ በፊት በጥናቱ መጨረሻ ላይ የሚጻፈው ዓረፍተ ነገር ባለቤቱ ማን እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል። ግኝቱ «ጋዜጦቹ ጉዳዩን ያቀረቡት እንዲህ ነው» የሚል ከሆነ ባለቤቱ መልእክቱ ነው። «ጋዜጠኞቹ ኃላፊነታቸውን የሚረዱት እንዲህ ነው» የሚል ከሆነ ባለቤቶቹ አዘጋጆቹ ናቸው፤ «ተመልካቾቹ የተረዱት እንዲህ ነው» የሚል ከሆነ ታዳሚው ነው። ፕሮግራም ወይም ዜና ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደሚሄድ የሚናገር ከሆነ ደግሞ ጥናቱ ስለ ፍሰት ነው። ነገሩ ግልጽ ቢመስልም በዚህ ዘርፍ በብዛት የሚታየው ስሕተት ከአንዱ መረጃ ሰብስቦ ስለ ሌላው መናገር ነው።

የዘርፉ የራሱ ታሪክ ለዚህ ምስክር ነው። ካርሌ ኖርደንስትሬንግና ታፒዮ ቫሪስ በ1974 ለዩኔስኮ ያቀረቡት ጥናት የቴሌቪዥን ፕሮግራሞች ከጥቂት ላኪ አገሮች ወደ ብዙ ተቀባዮች በአብዛኛው በአንድ አቅጣጫ እንደሚጓዙ በአኃዝ አሳየ። በሾን ማክብራይድ የተመራው ኮሚሽንም በ1980 ባወጣው ሪፖርት ይህን የመረጃ ፍሰት መዛባት ዓለም አቀፍ መከራከሪያ አደረገው። የፍሰቱ ማስረጃ ጠንካራ ነበር። ሆኖም ከዚያው ማስረጃ ተነሥተው ተቀባዮቹ ሕዝቦች የላኪውን እሴት እየተቀበሉ ነው ብለው የደመደሙ ጸሐፊዎች መረጃቸው የማይሸከመውን ተናገሩ፤ ፕሮግራሙ መድረሱን እንጂ ተመልካቹ ምን እንዳደረገበት አልጠየቁም ነበርና። ያን ለመመለስ ወደ ታዳሚው የሚሄድ ሌላ ዘዴ ማስፈለጉ አልቀረም፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም መጣ።

መልእክቱን ለማጥናት፦ የይዘት ትንተና ወይስ የፍሬም ትንተና?

መጠናዊ የይዘት ትንተና ብዙ ጽሑፍ ወይም ሥርጭት ወስዶ አስቀድሞ በተጻፈ የኮድ መመሪያ መሠረት የሚቆጥር ዘዴ ነው። ጥንካሬው ስፋቱ ነው። ዮሐን ጋልቱንግና ማሪ ሩጌ በ1965 አራት የኖርዌይ ጋዜጦች የኮንጎን፣ የኩባንና የቆጵሮስን ቀውሶች እንዴት እንደዘገቡ መርምረው፣ አንድ ክስተት የውጭ ዜና ለመሆን የሚያበቁትን 12 መስፈርቶች ያቀረቡት በዚህ መንገድ ነበር። በ1979 መረጃው የተሰበሰበውና በዩኔስኮ የተደገፈው የ29 አገሮች ጥናትም የየአገሩ መገናኛ ብዙኃን ከሁሉ በላይ ለራሳቸው አካባቢ ትኩረት እንደሚሰጡ አሳይቷል። ከ1995 ጀምሮ በየአምስት ዓመቱ የሚካሄደው ዓለም አቀፉ የሚዲያ ክትትል ፕሮጀክት ደግሞ በብዙ አገሮች የሚገኙ በጎ ፈቃደኞች የአንድ ቀን ዜና በአንድ ዓይነት መመሪያ እንዲቆጥሩ ያደርጋል። በዜና ውስጥ ከሚታዩና ከሚጠቀሱ ሰዎች መካከል የሴቶች ድርሻ በ1995 ከነበረበት 17 በመቶ በ2020 ወደ 25 በመቶ ብቻ ማደጉን የምናውቀው ከዚህ ቆጠራ ነው። እንዲህ ያለውን የሩብ ምዕተ ዓመት ንጽጽር ቃለ መጠይቅም ሆነ ኢትኖግራፊ ሊሰጠን አይችልም።

የዘዴው ፈተና የሚጀምረው ኮድ ሰጪዎቹ ጠረጴዛ ላይ ነው። ሁለት ቡድኖች በሁለት ቋንቋዎች እየሠሩ ነው እንበል። በመመሪያው ላይ «የፖለቲካ ግጭት» እና «ወንጀል» የሚሉ ሁለት ምድቦች አሉ። ፖሊስና ሰልፈኞች የተጋጩበት ዘገባ ሲመጣ የአንደኛው አገር ኮድ ሰጪዎች ያለ ማመንታት በመጀመሪያው፣ የሁለተኛው አገር ደግሞ እንዲሁ ያለ ማመንታት በሁለተኛው ምድብ ሊያስገቡት ይችላሉ፤ እያንዳንዱ ቡድን በለመደው የዜና አዘጋገብ ፈርዷልና። በየቡድኑ ውስጥ ያለው ስምምነት ሲለካ ውጤቱ እጅግ ጥሩ ይሆናል። በዘርፉ የተለመደው የክሪፐንዶርፍ አልፋ መለኪያ ከ0.80 በላይ ሲሆን አስተማማኝ፣ ከ0.667 በታች ሲሆን ለጊዜያዊ መደምደሚያም የማይበቃ ተደርጎ ይወሰዳል፤ ሁለቱም ቡድኖች ከ0.80 በላይ ሊያመጡ ይችላሉ። በሁለቱ ቡድኖች መካከል ያለው ስምምነት ግን አልተለካም። ስለዚህ በሰንጠረዡ ላይ የአገሮች ልዩነት ሆኖ የሚወጣው አኃዝ የኮድ ሰጪዎች ልዩነት ሊሆን ይችላል።

ለዚህ ሁለት መፍትሔዎች አሉ። አንደኛው ሁለቱንም ቋንቋ የሚያውቁ ኮድ ሰጪዎችን አሠልጥኖ የተወሰነውን ጽሑፍ ከሁለቱም ወገን እንዲሠሩ ማድረግ ነው። ይህ ካልተቻለ ሁሉም በሚረዱት ሦስተኛ ቋንቋ የተጻፉ ዘገባዎችን ለጋራ መፈተኛ መጠቀም ይቻላል፤ የኋለኛው መንገድ የኮድ ሰጪዎቹን ፍርድ ይፈትናል እንጂ በየራሳቸው ቋንቋ የሚያነቡትን አያረጋግጥም። ከሁለቱ አንዱን ማድረግ የማይችል አጥኚ አገሮችን በይዘት ትንተና ባያነጻጽር ይመረጣል።

የናሙናም ነገር በቀላሉ አይታይም። ከየሳምንቱ የተለያዩ ቀናትን እየወሰዱ ሙሉ ሳምንት መገንባት የተለመደ አሠራር ነው፤ ሁለት እንዲህ ያሉ ሳምንታት የአንድን ዕለታዊ ጋዜጣ ሙሉ ዓመት ሊወክሉ እንደሚችሉ በ1993 በታተመ ጥናት ታይቷል። ይሁን እንጂ ፍተሻው የተደረገው በአንድ የአሜሪካ ጋዜጣ ላይ ነው፤ የኅትመት ቀኑ፣ የገጹ ብዛትና የዜናው ዑደት በሚለያይ አገር ያንኑ ቁጥር እንዳለ መውሰድ አያስተማምንም።

የፍሬም ትንተና የሚጠይቀው ክስተቱ ስንት ጊዜ ተዘገበ ብሎ አይደለም፤ ምን ተብሎ እንደቀረበ፣ ምክንያቱ ለማን እንደተሰጠና የትኛው መፍትሔ ተገቢ ሆኖ እንደታየ ይመረምራል። ለዚህ ዘዴ ከማውቃቸው ምሳሌዎች ሁሉ አሳማኙ ሮበርት ኢንትማን በ1991 ያሳተመው ጥናት ነው። በ1983 የሶቪየት ተዋጊ ጄት አንድ የደቡብ ኮሪያ የመንገደኞች አውሮፕላን መትቶ ጣለ፤ 269 ሰዎች ሞቱ። በ1988 ደግሞ የአሜሪካ የጦር መርከብ የኢራንን የመንገደኞች አውሮፕላን መትቶ ጣለ፤ 290 ሰዎች ሞቱ። ኢንትማን ዋና ዋናዎቹን የአሜሪካ መገናኛ ብዙኃን በሁለቱም ጉዳይ ጎን ለጎን ሲያነብ፣ የመጀመሪያው ሆን ተብሎ የተፈጸመና ኅሊናን የሚያስቆጣ ግፍ፣ ሁለተኛው ግን የቴክኒክ ስሕተት ያስከተለው አሳዛኝ አደጋ ሆኖ መቅረቡን አሳየ። ልዩነቱ በአንድ ቃል ላይ የተንጠለጠለ አልነበረም፤ አድራጊው በርእሱ ላይ በመጠራቱ ወይም ባለመጠራቱ፣ ሟቾቹ ሰብአዊ መልክ በማግኘታቸው ወይም በማጣታቸው፣ በሥዕሉና በገጹ ስፋት ተሰራጭቶ ነበር። ቆጠራ ብቻውን ቢሆን ይህን ሁሉ አንድ ላይ አያነበውም ነበር።

ይህ ጥናት የተሳካለት ሁለት ነገሮች ባሉበት ስለቆሙ ነው፦ ክስተቶቹ ተመሳሳይ ነበሩ፣ ቋንቋውና መገናኛ ብዙኃኑም አንድ ነበሩ። የፍሬም ትንተናን በሁለት ቋንቋዎች ለማድረግ የሚያስብ ሰው ቋንቋዎቹን በመዝገበ ቃላት ደረጃ ማወቁ አይበቃውም፤ ምጸቱን፣ ጥቅሱንና ሳይነገር የታለፈውን መስማት አለበት። እንዲህ ያለ ችሎታ በሌለበት ሆሊ ሴሜትኮና ፓቲ ቫልከንበርግ በ2000 እንዳቀረቧቸው ያሉ አጠቃላይ ፍሬሞችን፣ ማለትም ግጭትን፣ ሰብአዊ ገጽታን፣ ኢኮኖሚያዊ መዘዝን፣ ሞራልንና ኃላፊነትን መፈለግ ይቻላል። አጠቃላይ ፍሬም ከአገር አገር ስለሚሻገር ለንጽጽር ይመቻል፤ የጉዳዩን የራሱን መልክ ግን ይደፈጥጣል። ከጉዳዩ የሚወጣ ልዩ ፍሬም ደግሞ በተቃራኒው ጥልቀት ይሰጥና ንጽጽሩን ያከብዳል። ለመመረቂያ ጽሑፍ አንድ ክስተት፣ ሁለት አገር፣ አጥኚው በሚገባ የሚያነባቸው ሁለት ቋንቋዎችና ጥቂት መቶ ዘገባዎች ካሉ እኔ የፍሬም ትንተናን አስቀድማለሁ። አገሮቹ ከሦስት ከበዙ ወይም ጊዜው ዓመታትን ከተሻገረ ግን ወደ መጠናዊው መሄድ ይሻላል።

ሰዎችን ለማጥናት፦ መጠይቅ ወይስ ውይይት?

የዳሰሳ ጥናት በብዙ አገር ያሉ ብዙ ሰዎችን በአንድ ጥያቄ ለመጠየቅ ያስችላል። የዓለም ጋዜጠኝነት ጥናት የተባለው ፕሮጀክት ከ2012 እስከ 2016 በነበረው ዙር በ67 አገሮች ከ27,500 በላይ ጋዜጠኞችን ስለ ሥራ ድርሻቸው፣ ስለ ሥነ ምግባርና ስለሚደርስባቸው ተጽዕኖ ጠይቋል። የጋዜጠኝነት ሙያ በየአገሩ ምን ያህል እንደሚለያይ በዚህ ስፋት ለማየት ሌላ መንገድ የለም።

ነገር ግን መልስ ሰጪዎች በመለኪያው ላይ ቁጥር ሲመርጡ ሁሉም የሚቆሙት ከአንድ ቦታ አይደለም። ጋሪ ኪንግና ባልደረቦቹ በ2004 ያሳተሙት ሥራ ይህን ከማንም በላይ አጉልቶ አሳይቷል። በቻይናና በሜክሲኮ የሚኖሩ ሰዎች መንግሥት በሚወስናቸው ጉዳዮች ላይ ምን ያህል ድምፅ እንዳላቸው ሲጠየቁ፣ ከቻይና የመጡት መልሶች ከሜክሲኮዎቹ ከፍ ብለው ተገኙ። ሜክሲኮ በዚያ ወቅት ለአሥርተ ዓመታት የገዛውን ፓርቲ በምርጫ ያወረደች አገር ነበረች። ተመራማሪዎቹ ግን በልዩ ልዩ ሁኔታ ላይ የሚገኙ ሰዎችን የሚገልጹ አጫጭር ታሪኮችንም ለመልስ ሰጪዎቹ አቅርበው፣ እነዚያን ሰዎች በዚያው መለኪያ እንዲመዝኑ አድርገው ነበር። እያንዳንዱ መልስ ሰጪ ስለ ራሱ የሰጠው ቁጥር ለታሪኮቹ ከሰጠው ቁጥር አንጻር ሲታይ ቅደም ተከተሉ ተገለበጠ። ሁለቱ ሕዝቦች «ብዙ» እና «ጥቂት» የሚሉትን የለኩት በተለያየ መነሻ ነበር ማለት ነው። ስለ ሚዲያ ነጻነት፣ በዜና ላይ ስላለ እምነት ወይም ስለ ራስን ሳንሱር የሚጠይቅ ማንኛውም መጠይቅ ይኸው አደጋ አለበት። አጫጭር ታሪኮቹን መጨመር መጠይቁን ያስረዝማል፤ ሆኖም ሁለት ወይም ሦስት ዋና ጥያቄዎችን ብቻ በዚህ መንገድ መፈተን ለአብዛኛው ጥናት የሚቻል ነው።

የመጠይቁን ትርጉም በተመለከተ ሁለት አማራጮች አሉ። ሪቻርድ ብሪስሊን ከ1970 ጀምሮ ያስፋፋው የመልሶ ትርጉም ዘዴ መጠይቁን ወደ ሁለተኛው ቋንቋ አስተርጉሞ፣ በሌላ ተርጓሚ ወደ መጀመሪያው እንዲመለስ አድርጎ ሁለቱን ቅጂዎች ማስተያየት ነው። ርካሽ ነው፣ የጥናት ገምጋሚዎችም ያውቁታል። ድክመቱ ግን ቃል በቃል የተተረጎመና ለአንባቢው የሚጎረብጥ መጠይቅ ሲመለስ ፍጹም ሊመስል መቻሉ ነው። ሁለተኛው ሁለት ተርጓሚዎች ለየብቻ ተርጉመው፣ ጉዳዩን ከሚያውቅ ሦስተኛ ሰው ጋር ተቀምጠው የሚወስኑበት፣ ከዚያም በጥቂት መልስ ሰጪዎች ላይ የሚፈትኑበት የቡድን ትርጉም ነው፤ የአውሮፓ ማኅበራዊ ዳሰሳ የሚከተለው ይህን ነው። በጀት የሚፈቅድ ከሆነ ሁለተኛው ያለ ጥርጥር ይበልጣል። በመጨረሻም የአገሮችን አማካይ ውጤት ለማነጻጸር መለኪያው በሁሉም አገር በተመሳሳይ መንገድ መሥራቱን በስታቲስቲክስ ማረጋገጥ ያስፈልጋል፤ ይህ ፍተሻ ካልተሳካ በየአገሩ ውስጥ ያለውን ዝምድና መዘገብ ይቻል ይሆናል እንጂ «ይህ አገር ከዚያ ይበልጣል» ማለት አይቻልም።

እዚህ ላይ ስለ ተዘጋጁ የባህል መለኪያዎች በግልጽ መናገር ያስፈልጋል። ጌርት ሆፍስቴድ ከ1967 እስከ 1973 ባለው ጊዜ ከአይቢኤም ሠራተኞች የተሰበሰቡ ከ116,000 የሚበልጡ መጠይቆችን ተንትኖ በ1980 ያቀረባቸው የባህል መለኪያዎች በተግባቦት ጥናት ውስጥ እጅግ ተስፋፍተዋል። ነጥቦቹ የተሠሩት ለአገሮች ነው፤ የአንድን ግለሰብ ጠባይ እንደማይናገሩ ራሱ ሆፍስቴድ አስጠንቅቋል። ሆኖም ከሁለት አገር የመጡ ጥቂት ሰዎችን ወስዶ ያለመግባባታቸውን ምክንያት ከአገራቸው ነጥብ የሚያወጣ ሥራ ዛሬም በብዛት ይጻፋል። እንዲህ ያለው ሥራ ማብራራት የሚገባውን ነገር አስቀድሞ የታወቀ አድርጎ ይነሣል፤ ስለዚህ ጥናቱ ባይደረግም ውጤቱ ያው ይሆን ነበር። ኤድዋርድ ሆል መልእክቱ በአብዛኛው ከሁኔታው የሚረዳባቸውን ከፍተኛ ዐውድ፣ በቃላት በግልጽ የሚነገርባቸውን ዝቅተኛ ዐውድ ብሎ ባህሎችን የለየበት አከፋፈልም ጥያቄ ለመቅረጽ ይጠቅማል፤ አገሮችን በደረጃ ለመደርደር የሚበቃ ልኬት አድርጎ መያዝ ግን አይገባም። ባህልን የጥናቱ ተለዋዋጭ ለማድረግ የሚፈልግ ሰው በራሱ ተሳታፊዎች ዘንድ ይለካው።

ከመጠይቅ ይልቅ ውይይት የሚመረጠው መልሶቹ ምን ሊሆኑ እንደሚችሉ አጥኚው አስቀድሞ መዘርዘር በማይችልበት ጊዜ ነው። ታማር ሊብስና ኤሊሁ ካትስ «ዳላስ» የተባለውን የአሜሪካ ተከታታይ ድራማ ይዘው በ1980ዎቹ ያደረጉት ጥናት የዘዴውን አቅም ያሳያል። በእስራኤል የሚኖሩ ዐረቦችን፣ ከሞሮኮ የመጡ አይሁዶችን፣ ከሶቪየት ኅብረት የመጡ ስደተኞችንና የኪቡትስ (የኅብረት መንደር) አባላትን፣ ከዚህም ሌላ በአሜሪካ የሚኖሩ ተመልካቾችን በየቤታቸው ከወዳጆቻቸው ጋር አንድ ክፍል እንዲያዩ አደረጉ፤ ሲያበቃም ታሪኩን እንዲተርኩ ጠየቋቸው። ዐረቦቹና ከሞሮኮ የመጡት ታሪኩን በቅደም ተከተል፣ እንደ ቤተሰብ ጉዳይ ተረኩት። ከሶቪየት ኅብረት የመጡት ታሪኩን ትተው መልእክቱን ማለትም አዘጋጆቹ ሊያሳምኑን የፈለጉትን መረመሩ። አሜሪካውያኑና የኪቡትስ አባላቱ ደግሞ በገጸ ባሕርያቱ ሥነ ልቡና ላይ አተኮሩ። አንድ ፕሮግራም ሁሉንም ወደ አንድ አስተሳሰብ ይወስዳል የሚለው ግምት ከዚህ በኋላ እንደቀድሞው ሊቆም አልቻለም። ይህን ልዩነት የሚይዝ መጠይቅ ማንም አስቀድሞ ሊያዘጋጅ አይችልም ነበር፤ ምክንያቱም የተገኘው ተመልካቾቹ ከሰጡት አስተያየት ይልቅ በአተራረካቸው ውስጥ ነው።

ያንኑ ድራማ ኢየን አንግ በኔዘርላንድስ ያጠናችው በሌላ መንገድ ነው፤ በአንድ የሴቶች መጽሔት ላይ ማስታወቂያ አውጥታ፣ ተመልካቾች ለምን እንደሚወዱት ወይም እንደሚጠሉት እንዲጽፉላት ጠየቀች፤ 42 ደብዳቤዎችም ደረሷት። በደብዳቤ የሚገኘው መልስ የታሰበበትና ግላዊ ነው፤ ነገር ግን የሚጽፈው መጻፍ የፈለገ ሰው ብቻ ነው። የቡድን ውይይት ደግሞ ሰዎች ትርጉምን አብረው እንዴት እንደሚሠሩ ያሳያል፤ ታላቅ ወይም አለቃ ባለበት ሌላው ዝም በሚልበት ማኅበረሰብ ግን የአንድ ሰው አስተያየት የቡድኑ ሆኖ ይመዘገባል። በአንዱ አገር ነጻ ክርክር፣ በሌላው አክብሮታዊ ስምምነት ከተገኘ ይህ የአስተያየት ልዩነት ነው ወይስ የውይይት ሥርዓት ልዩነት? ለዚህ ጥርጣሬ የተጋለጠ ጥናት ከቡድን ውይይቱ ጎን የግል ቃለ መጠይቅ ቢጨምር ይጠቅመዋል። የቡድኑ አባላት አስቀድመው የሚተዋወቁና እኩያ መሆናቸው በሊብስና በካትስ ጥናት ብዙ ረድቷል።

ኢትኖግራፊ መቼ ያስፈልጋል?

ሚዲያ በሰዎች የዕለት ኑሮ ውስጥ ያለው ቦታ ጥያቄ ሲሆን፣ ሰዎች የሚናገሩትና የሚያደርጉት ሊለያይ ይችላል ተብሎ ሲጠረጠር ኢትኖግራፊ አማራጭ የለውም። ሜሪ ጊሌስፒ በለንደን ሳውዝሆል ከፑንጃቢ ቤተሰቦች የተወለዱ ወጣቶችን አብራ እየኖረች ስታጠና፣ ወጣቶቹ አንድን የአውስትራሊያ ተከታታይ ድራማ ስለራሳቸው ቤተሰብ፣ ስለ ሐሜትና ስለ ክብር በተዘዋዋሪ ለመነጋገር እንደሚጠቀሙበት አየች። በቀጥታ ቢጠየቁ ስለ ቤተሰባቸው የማይናገሩትን በድራማው ሰበብ ይናገሩት ነበር። ሊላ አቡ ሉግሆድ በግብፅ ያደረገችው የረጅም ጊዜ ጥናትም የአገሪቱ ተከታታይ ድራማዎች ከአዘጋጆቹ ዓላማ ጀምሮ እስከ ላይኛው ግብፅ መንደር ድረስ ምን እንደሚሆኑ ተከትሏል።

ዋጋው ጊዜ ነው፤ ከዓመት ያነሰ የመስክ ቆይታ፣ ቋንቋውንም በአስተርጓሚ ማድረግ፣ ስሙን ይዞ ዘዴውን ያሳጣል። በአንድ ሰው አቅም በሁለት ቦታ እኩል ጥልቀት ማግኘት ስለማይቻል ቀጥተኛ ንጽጽር ለሚፈልግ ጥናት አይመችም። ያን ያህል ጊዜ ለሌለው ሰው «የኢትኖግራፊ ጥናት» ብሎ ከመሰየም ይልቅ «ከምልከታ ጋር የተደረገ ቃለ መጠይቅ» ብሎ መጻፍ ለሥራውም ለአንባቢውም ታማኝ መሆን ነው።

ግዙፍ ዲጂታል መረጃ

በ2013 ለሕዝብ ክፍት የሆነው ጂዴልት የዓለምን ዜና በማሽን እየተረጎመና እየመደበ ያከማቻል፤ ከ2015 ወዲህ በ65 ቋንቋዎች የሚወጣ ዜናን ይሸፍናል። የአንድ ክስተት ዜና በዓለም ላይ መቼና የት እንደተሰራጨ ለማየት ጥሩ መነሻ ነው። ነገር ግን በአንድ ቋንቋ ብዙ ድረ ገጾች፣ በሌላው ጥቂቶች መካተታቸው፣ ከአንድ የዜና ወኪል የተቀዳ ዘገባ ደጋግሞ መቆጠሩና የማሽን ትርጉሙ ጥራት ከቋንቋ ቋንቋ መለያየቱ አገሮችን በቁጥር ለማወዳደር የሚፈልገውን ሰው ሊያሳስበው ይገባል። ከማኅበራዊ ሚዲያ መረጃ ለማግኘት ማሰብም ዛሬ ከቀድሞው የከበደ ሆኗል፤ ትዊተር ለተመራማሪዎች በነጻ ይሰጥ የነበረውን መዳረሻ በ2023 ዘግቷል፣ በማኅበራዊ ሚዲያ የሚወጡ ይፋዊ ጽሑፎችን ለመከታተል ያገለግል የነበረው የሜታ ክራውድታንግልም በ2024 ተዘግቷል። በአንድ ኩባንያ ፈቃድ ላይ የተመሠረተ ጥናት ሳይጠናቀቅ መረጃው ሊቋረጥበት እንደሚችል ታስቦ መጀመር አለበት።

የትኞቹን አገሮች ማነጻጸር?

ዘዴው ከተመረጠ በኋላ የአገር ምርጫ ብዙ ጊዜ በአጥኚው ዜግነትና በተማረበት አገር ይወሰናል። ይህ ነውር የለውም፤ ቋንቋና ግንኙነት ያለው እዚያ ስለሆነ ነው። ሆኖም ምርጫው ምን ዓይነት መደምደሚያ እንደሚፈቅድ መታወቅ አለበት። አዳም ፕርዜቮርስኪና ሄንሪ ቲዩን በ1970 ያስቀመጡት ልዩነት እስካሁን ያገለግላል። በእጅጉ የሚመሳሰሉ አገሮችን የሚያነጻጽር ሰው ብዙው ነገር አንድ ስለሆነ በቀረው ልዩነት ላይ ማተኮር ይችላል። በእጅጉ የሚለያዩትን የሚያነጻጽር ደግሞ በዚያ ሁሉ ልዩነት መካከል አንድ ነገር ሳይለወጥ ካገኘው፣ ግኝቱ ሰፊ እንደሆነ ለመከራከር ይችላል። አብዛኛው ተማሪ ግን በእጅጉ የሚለያዩ ሁለት አገሮችን መርጦ ልዩነት ይፈልጋል፤ ልዩነቱን ማግኘቱ አይቀርም፣ ከመቶ ምክንያቶች የትኛው እንዳመጣው ግን ሊያውቅ አይችልም። በቋንቋ፣ በሀብት፣ በፖለቲካ ሥርዓትና በሚዲያ ባለቤትነት የሚለያዩ ሁለት አገሮች በዜና አዘጋገብ ቢለያዩ ምክንያቱ «ባህል ነው» ማለት ሌሎቹን ምክንያቶች ያለ ማስረጃ መጣል ነው።

ዳንኤል ሃሊንና ፓውሎ ማንቺኒ በ2004 የምዕራብ አውሮፓና የሰሜን አሜሪካ 18 አገሮችን በሦስት የሚዲያ ሥርዓት ሞዴሎች የመደቡት የሚመሳሰሉትን የማነጻጸር ስልት ተከትለው ነው። ሞዴሎቹን ወደ አፍሪካ፣ ወደ እስያ ወይም ወደ ዐረቡ ዓለም እንዳሉ መውሰድ የእነርሱ ሐሳብ አልነበረም፤ በ2012 ራሳቸው ያዘጋጁት ሁለተኛ ሥራም ይህን ገደብ ከሌሎች አገሮች ምሁራን ጋር መርምሯል። ከእነዚያ 18 አገሮች ውጭ የሚሠራ ሰው የትኛው ሞዴል ከአገሬ ጋር ይገጥማል ብሎ ከመጠየቅ ይልቅ፣ ሞዴሎቹ የተሠሩባቸውን መለኪያዎች፣ ማለትም የጋዜጣ ገበያውን ዕድገት፣ የሚዲያና የፓርቲዎችን ትስስር፣ የሙያውን ነጻነትና የመንግሥትን ሚና ወስዶ በራሱ አገር ቢለካ የተሻለ ያገኛል።

አንድ ሌላ ነጥብ አለ። አገር ሁልጊዜ ትክክለኛው የንጽጽር አሐድ አይደለም። በአንድ አገር ውስጥ ያሉ ሁለት የቋንቋ ማኅበረሰቦች፣ ወይም በሁለት አገር የሚኖሩ የአንድ ቋንቋ ተናጋሪዎች ከሁለቱ አገሮች አማካይ ይልቅ የሚናገሩት ሊበዛ ይችላል። የሊብስና የካትስ አራት ቡድኖች በአንድ አገር ውስጥ የነበሩ መሆናቸው ከጥናቱ ብርታት አንዱ ነው፤ የሚያዩት ጣቢያና የሚያዩበት ሰዓት አንድ ስለነበር ልዩነቱን ወደ ሥርጭቱ ማስጠጋት አይቻልም።

ምርጫውን መፈተን

ሁለት ዘዴዎችን ማቀላቀል የሚመከር ቢሆንም ምክንያት ሊኖረው ይገባል። መጠናዊ ውጤት ያልተጠበቀ ልዩነት ሲያሳይ ያን ልዩነት ለመረዳት ጥቂት ቃለ መጠይቆችን ማድረግ ጠንካራ አሠራር ነው። ከመጀመሪያው የተወሰኑ ቃለ መጠይቆችን አድርጎ ሰዎቹ ራሳቸው የሚጠቀሙባቸውን ምድቦች ካወቁ በኋላ መጠይቁን ወይም የኮድ መመሪያውን ማዘጋጀት ደግሞ ለባህል ተሻጋሪ ጥናት ይበልጥ ይስማማል ብዬ አምናለሁ፤ ምድቦቹን ከአንዱ ባህል ወስዶ በሌላው ላይ መጫንን በተወሰነ ደረጃ ይከላከላልና። ሁለቱንም በእኩል ጊዜ ጀምሮ በመጨረሻ ማጣበቅ ግን ሁለት ያልተጨረሱ ጥናቶችን ይወልዳል።

ለብቻው የሚሠራ፣ ሁለት ቋንቋ በደንብ የሚያውቅና ከስድስት እስከ ዘጠኝ ወር ያለው ሰው በአንድ ክስተት ላይ የፍሬም ትንተና ወይም ለእያንዳንዱ ወገን ከአራት እስከ ስድስት የሚሆኑ የእኩዮች የቡድን ውይይቶችን ቢያደርግ ሥራው በአቅሙ ልክ ይሆናል። በየአገሩ ባልደረባ ያለው ቡድን የይዘት ትንተና ወይም የዳሰሳ ጥናት ይምረጥ፤ የበጀቱን ጥሩ ድርሻም ለትርጉም፣ ለኮድ ሰጪዎች ሥልጠናና ለሙከራ ያስቀምጥ። አንድ ቋንቋ ብቻ የሚያውቅ ሰው ደግሞ ሁለተኛውን ቋንቋ የሚያውቅ ባልደረባ ሳያገኝ ንጽጽር ባይጀምር ይመረጣል፤ በአስተርጓሚ የሚሠራ ክፍል ሁልጊዜ ከሌላው ይደኸያል፣ ልዩነቱም የባህል መስሎ ይነበባል።

የትኛውም ቢመረጥ ሙሉ ሥራው ከመጀመሩ በፊት በሁለቱም ወገን ጥቂት ናሙና መፈተን አለበት። ከየአገሩ ሃያ ያህል ዘገባዎችን ወስዶ መመሪያው በሁለቱም ላይ መሥራቱን ማየት፣ ወይም ከየወገኑ አምስት ሰዎችን መጠይቁን ጮክ ብለው እያነበቡና የተረዱትን እየተናገሩ እንዲመልሱ ማድረግ ጥቂት ቀናት ቢወስድ ነው። በዚህ ፍተሻ ላይ አንደኛው ወገን ያለችግር የሚመልሰውን ጥያቄ ሌላው ደጋግሞ «ምን ማለታችሁ ነው?» እያለ ከጠየቀ ጥያቄው እንደገና ይጻፍ። ተጽፎም ካልተሳካ ጉዳዩ ለመጠይቅ የማይመች ነው ማለት ስለሆነ ወደ ውይይት መሻገር፣ ለዚያም የሚሆን ጊዜ ከሌለ ያን ጥያቄ ከንጽጽሩ አውጥቶ በየአገሩ ለብቻው መዘገብ ነው።